ስለሌለው ረጅም ጠመንጃ

ለተከበሩ የጦር መሣሪያ ምዝገባ ክፍል ኃላፊ
ፍራንክፈርት አም ማይን

ጊንሃይም፣ ሚያዝያ 2005 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎና በሦስተኛው ፎቅ ላይ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ሲያገላብጡ ለሚውሉት ሠራተኞችዎ በሙሉ የጸና ጤንነት እመኛለሁ። እኔ የሺወርቅ ሳህሉ፣ ጡረታ የወጣሁ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ፣ ሰማንያ ስምንት ዓመት ከሞላት እናቴ ከወይዘሮ ሸዋረጋ ጋር እዚሁ ጊንሃይም፣ ከስልኩ ግንብ ሥር አለሁ። ደህና ነሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም እንጂ ብጠየቅ ደህና ነኝ እል ነበር፤ መቼም አምት የምትሉት መሥሪያ ቤት ገብቶ ሌላ መልስ የሚሰጥ የለም።

በጀርመንኛ የጻፍኩልዎ ደብዳቤዎች ሁሉ «ጉዳይዎ ግልጽ አይደለም» እየተባሉ ስለተመለሱልኝ፣ አለመግባባታችን ካልቀረ በእናቴ ቋንቋ አንግባባ ብዬ ይህንን በአማርኛ ጽፌ ለማኅበራችን መጽሔት ሰጥቻለሁ። ማኅተም ያለው የመሐላ ተርጓሚ ፈልገው ያስተርጉሙት። እኔ ለእናንተ ስንት ወረቀት በማኅተም እንዳስተረጎምኩ ስለሚያውቁ ይህቺ አትከብድዎትም። መጽሔቱን የሚያነበው ያገሬ ሰውም ነገሩ ከሥሩ እንዲገባው ከጠመንጃው እጀምራለሁ።

አባቴ አቶ ሳህሉ ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ሞዘር ነበራቸው። ጠመንጃው እዚህ እናንተ አገር ተሠርቶ እዚያ እኛ አገር ያረጀ ነው፤ እኔ ደግሞ እዚያ ተሠርቼ እዚህ አረጀሁ። በጃንሆይ ጊዜ አውራጃ ጽሕፈት ቤት ወስደው አስመዘገቡት፤ ወረቀቱም «ረጅም ጠመንጃ፣ አንድ» ይላል። በኋላ አፈሙዙ ሲሰነጠቅ ቀጥቃጭ ዘንድ ወስደው በርሜሉን አስቆረጡት፣ ተሰብሮ የነበረውንም ሰደፍ አሳጠሩት፤ ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ስሙ «ቆራጣው» ሆነ። መዝገቡን ለማስተካከል ሄደው ነበር። ጸሐፊው ምሳ ወጥቷል ተባሉና ተመለሱ፤ ሌላ ቀን እሄዳለሁ እንዳሉ ታመው አረፉ። እንግዲህ የአንድ ጸሐፊ ምሳ እኛ ቤት ምን እንዳመጣ ይስሙልኝ።

በ1970 ዓ.ም. አሰሳ መጣ። አሰሳ ማለት ቤት ለቤት እየዞሩ መሣሪያ የሚፈትሹበት፣ መሣሪያ ሲያጡ ወጣት ይዘው የሚሄዱበት የደርግ ጊዜ ሥራ ነው። እኛ ቤት የገቡት ሰዎች ወረቀቱን አነበቡ፤ ረጅም ይላል። ጠመንጃውን አነሱት፤ አጭር ነው። «ይህ ሌላ ነው፤ ረጅሙ የት አለ?» አሏት እናቴን። እናቴ ለባለሥልጣን ነገር ማስረዳት አትችልበትም፤ ወንድሜ እንዳሻው ግን የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፣ ሃያ ሦስት ዓመቱ፣ ንግግር የሚያውቅ። «እሱን እንዳሻው ያውቃል» አለች። በቃ፣ ይህችን ብቻ ነው ያለችው። እንዳሻው እየሳቀ ከጓዳ ወጣና ረጅሙም አጭሩም ይኸው አንዱ እንደሆነ ነገራቸው፤ የተቆረጠበትንም ቦታ በጣቱ አሳያቸው። ለትንሽ ጥያቄ ነው ብለው እሱንም ቆራጣውንም ይዘው ወጡ። እሱም ቆራጣውም አልተመለሱም። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር።

ልቅሶ ክልክል ነበር። ያለቀሰ ይታሰር ስለነበር እናቴ ዋጠችው። ደርግ ወድቆ ማልቀስ ሲፈቀድ እምቢ አለች፤ እኔ ዘንድ እዚህ ካመጣኋትም በኋላ እምቢ አለች። በእኛ አገር ወንድ ልጅ በጠመንጃው ነው የሚለቀስለት፤ አስከሬን ባይኖር እንኳ ጠመንጃው ወጥቶ በሰው መሐል ይዞራል፣ አልቃሽም ከኋላው ትከተላለች። «በአፌ ያወጣሁትን ልጅ በባዶ እጄ አላለቅሰውም» ነው የምትለው። ስለዚህ እንዳሻው ኖሮም ሞቶም አያውቅም። ጊንሃይም ኮሪደራችን ላይ፣ ከካፖርት መስቀያው አጠገብ ይቆማል። እናቴ በዚያ በኩል ስታልፍ ሰው እንዳትነካ ትከሻዋን ጠበብ አድርጋ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ እንዲህ ያለውን ነገር የማላምን ሴት ነኝ፤ ግን እኔም ጠበብ ብዬ ነው የማልፈው።

እናቴ ሳትሞት ልጇን ታልቅስ፤ ሌላ ምኞት የለኝም። ለዚህም አንድ ቆራጣ ሞዘር አስፈለገኝ፤ ሕጋዊ የሆነ፣ የተመዘገበ፣ ወረቀቱ ከቁመቱ ጋር የሚስማማ። እናንተ ቁጥር ስለምትወዱ አቤቱታዬንም ምስጋናዬንም በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ። ጠመንጃ ለመያዝ «ቤዱርፍኒስ» የምትሉት በቂ ምክንያት እንደሚጠየቅ ስላሳወቃችሁኝ እጅ እነሳለሁ። እኔም «ለልቅሶ» ብዬ ጻፍኩ። ሠራተኛዎ ጠርቶ ቀብር ላይ ሊተኩሱ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለም፣ መያዝ ብቻ ነው የምፈልገው አልኩት፤ ይኼኔ ፊቱ ተለወጠ። ከእሱ እንደተረዳሁት በዚህ አገር ጠመንጃ ይዞ መተኮስ የሚፈልግ ሰው ስፖርተኛ ነው፤ ይዞ መተኮስ የማይፈልግ ሰው ግን ያሳስባል። እንዳላሳስብዎ ብዬ ጉልበቴ እየጮኸ ከፕሮይንገስሃይም ወዲያ ያለ ፈርአይን የምትሉት የተኳሾች ማኅበር አባል ሆንኩ፤ የሚጠበቅብኝን ሁሉ ተማርኩ፣ ተፈተንኩ፣ አለፍኩ። የሚያደርሰኝ መኪና ስላልነበረኝ የምታደርሰኝ ከታች ቤት የምትኖረው ኑርያ ነበረች፤ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ፍሉግሃፈን፣ የጽዳት ሺፍቷን ጨርሳ፣ ዓይኗ ከድካም ደም መስሎ። «እትዬ፣ እርስዎ አልሞ ተኳሽ እኔ ሾፌር፤ ፖሊስ ቢያስቆመን ምን ልንል ነው?» ትለኝ ነበር። ለምን ጠመንጃ እንደምፈልግ ግን አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳት። ይህን ያስታውሱልኝ።

ሁለተኛ። ስለ ማሳጠሩ ነው። የአባቴን የመሰለ አሮጌ ሞዘር ገዛሁና፣ ፈቃድ ያለው ጠመንጃ ሠሪ በርሜሉንና ሰደፉን እንዲያሳጥርልኝ አመለከትኩ። ደህና ጠመንጃ ለምን ታበላሺያለሽ የሚል ጥያቄ ከአምታችሁም፣ ከጠመንጃ ሠሪውም፣ ከፈርአይኑ ሽማግሌዎችም ቀረበልኝ። ለሁሉም «ለቤተሰብ ጉዳይ ነው» እያልኩ መለስኩ። አንዴ ቴርሚን የምትሉትን ቀጠሮ ይዤ መጥቼ ሌላ ቴርሚን ተሰጥቶኝ ስመለስ፣ ወዲያው ደግሞ ስመጣ፣ በመጨረሻ ፈቃዱ ወጣ፤ ጠመንጃውም ተቆረጠ፣ ተለካ፣ ማኅተም ተመታበት። ሕጋችሁ ከስልሳ ሳንቲ ሜትር ያጠረውን መሣሪያ «አጭር» ብሎ ይመዘግባል። መስኮቱ ላይ የነበረውን ወጣት እባክህ ጮክ ብለህ አንብብልኝ አልኩት፤ አነበበልኝ። ድገመው አልኩት፤ ደገመው። አጭር። ወረቀቱም አጭር፣ ጠመንጃውም አጭር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እፎይ ብዬ አላውቅም፤ ልጁም የማዝን መስሎት መሐረብ ሰጠኝ። እግዜር ይስጠው፣ ከእናንተ ቤት የወጣ ደግነት ያ ብቻ ነው።

ሦስተኛ። ካዝናው። ጠመንጃ በብረት ካዝና ተቆልፎ ይቀመጥ ማለታችሁ ልክ ነው፤ እኔም ኮሪደሩ ላይ፣ ከካፖርት መስቀያው ጎን አስተከልኩት። እናቴ ክረምት ሲገባ ጋቢ አለበሰችው። ብርዱ ለብረት አያስብም ብላ ነው። ሰዎችዎ ሊፈትሹ ሲመጡ «ካዝናው በጨርቅ የተሸፈነ ሲሆን ምክንያቱ አልታወቀም» ብለው መዝግበዋል። ጋቢው ታጥቦ የተተኮሰ መሆኑን አለመመዝገባቸው ብቻ ቅር አሰኝቶኛል።

አራተኛ። ትሕትናዬ ከጎደለ ይታገሱኝ። ልቅሶውን በጥር ወር ለአንድ እሑድ ቆረጥን። ጠመንጃ ይዞ ከቤት መውጣት ሕጉ ስለማይፈቅድ ሳሎናችን ውስጥ እንዲሆን ተስማማን፤ የእድሩ ሰዎች ተጠሩ፣ ኑርያ ከመስጊዷ አዳራሽ ወንበር አስመጣች። እናቴ ጥቁር ለበሰች። ሠላሳ አምስት ዓመት አንጀቷ ውስጥ ያስቀመጠችውን ሙሾ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስትለማመድ ሳያት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሪደሩን በሙሉ ትከሻዬ አለፍኩ። ከእንግዶቹ በፊት በሩ ተደወለ። እናቴ ራሷ ሄዳ ከፈተች። ሁለት የእርስዎ ሰዎች ነበሩ።

እሑድ የመጡት በሥራ ቀን ላለማስቸገር ይሆናል፤ ስለ አሳቢነታቸው አመሰግናለሁ። እናቴን ጥቁር ለብሳ ሲያዩ አንደኛው ሌላ ጊዜ እንመለስ ብሎ ነበር። ሁለተኛው ግን አንድ አጭር ጥያቄ ብቻ ነው አለ። ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ወዲህ የአገሩ ጠመንጃ ሁሉ በኮምፒውተር አንድ መዝገብ ውስጥ መግባቱን፣ በዚያም መዝገብ በስሜ ሁለት መሣሪያ መገኘቱን ገለጸ፤ ስገዛው የተመዘገበው ረጅም አንድ፣ ከተቆረጠ በኋላ የተመዘገበው አጭር አንድ። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ፤ ይህን በኋላ የነገረችኝ ኑርያ ናት። ኑርያ የረዳች መስሏት፣ የአላህ ባሪያ ምን ታውቃለች፣ ወደ እናቴ ዞር ብላ አንድም ሳትጨምር አንድም ሳትቀንስ አስተረጎመች፦ «እማማ፣ አጭሩን አይተነዋል፤ ረጅሙ የት አለ ይላሉ።»

ክቡር ሆይ፣ እናቴ አልጮኸችም። ወንበር ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አደረገች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ከሁለቱ መሐል ገብታ ቆመችና «እኔ አውቃለሁ። ሌላ ሰው አትጠይቁ፤ እኔን ውሰዱኝ» አለች። እኔ ከወጥ ቤት ስደርስ ደረጃው አፍ ላይ ነበረች። ሰዎችዎ ደንግጠው የለም የለም ብለው ሄዱ፤ በኋላ በደረሰኝ ግልባጭ ላይም «አዛውንቷ ለመተባበር ሙሉ ፈቃደኛ ነበሩ» ተብሎ ተጽፎ አየሁ። እውነት ነው፤ እንደ እናቴ የተባበራችሁ ሰው የለም። እንግዶቹ መጡ፤ እሷ ግን «እኔ መንገደኛ ነኝ፣ ዛሬ ልቅሶ የለም» ብላ መለሰቻቸው። ኑርያ ነገሩን ስትሰማ መኪናዋ ውስጥ ገብታ እዬዬ ብላ አለቀሰች። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫማዋን አድርጋ፣ እግሯ እስኪያብጥ ድረስ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ምግብ ስሰጣት መንገድ ላይ ያመኛል ትላለች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ሳልፍ እንደገና ጠበብ እላለሁ፤ አሁን ደግሞ ሁለት ሆኑብኝ፣ አንዱ የቆመ፣ አንዷ የተቀመጠች።

አምስተኛ ይሁን ስድስተኛ፣ ቁጥሩ ጠፋኝ። ደብዳቤ ጻፍኩ፤ አንድ ጠመንጃ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ነው፣ ረጅሙ ያው የተቆረጠው ነው፣ አንዱን ይሰርዙልኝ አልኩ። አየሁት፣ እንዳሻው የተናገረውን ነው ቃል በቃል የጻፍኩት። ሲጻፍም ሲነገርም ያው ነው መሰለኝ፣ የሚሰማ የለም። በመጨረሻ ተደጋግሞ የገባው ምዝገባ ተሰርዟል የሚል መልስ ደረሰኝ። አፈር ልሁን፣ ደብዳቤውን ስሜው ነበር። ለካ የሰረዛችሁት አጭሩን ነው! እጄ ላይ ያለው ጠመንጃ መዝገብ ላይ የለም፤ መዝገብ ላይ ያለው ጠመንጃ እጄ ላይ የለም። ጉድ እኮ ነው፣ ክቡር ሆይ! እኔ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ሳቁ አልቆምልኝ ብሎ ኑርያ ውኃ አመጣችልኝ።

ባለፈው ወር አጋማሽ ሁለቱ ሰዎች ያልተመዘገበውን መሣሪያ ሊረከቡ መጡ። ካዝናውን ከፈትኩ። ወጣቱ ጓንት አድርጎ ቆራጣውን ወሰደ፣ ባዶ መሆኑን አየ፣ እንደተማረውም አፈሙዙን ወደ መሬት ደፍቶ ያዘው። ደምባችሁ ይሆናል። በእኛ አገር ጠመንጃ አፈሙዙ ወደ መሬት ተደፍቶ የሚያዘው ባለቤቱ ሲሞት ነው፤ የሚለቀስለት ሰው ጠመንጃ እንዲያ ነው በሰው መሐል የሚዞረው። ልጁ ይህን ከየት ያውቃል? እናቴ ግን አየችው። ከተቀመጠችበት ተነሣች።

አሳንሰሩ ተበላሽቶ ስለነበር በደረጃ ወረዱ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከኋላቸው ወጣች፣ እኔም ከኋላዋ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ድምፅዋ ወጣ፤ የእናቴ ድምፅ አልመሰለኝም፣ የወጣት ሴት ድምፅ ነበር።

«ረጅም አምጪ አሉኝ፣ አጭሩ በእጃቸው፤
ልጄን ሰጠኋቸው፣ አንተ አስረዳቸው።»

ደረቷን እየመታች ይህንን ደገመችው፣ ሌላም ጨመረች፤ የተማረበትን፣ የሳቀበትን፣ የተወሰደበትን ቀን እየጠራች። በየፎቁ በር ተከፈተ። ሰላም ብለውን የማያውቁ ጀርመናዊት አሮጊት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆሙ፤ ኤርትራዊው ጎረቤታችን ኮፍያውን አውልቆ ከኋላችን ተሰለፈ፤ ኑርያ ደግሞ በቱታዋ እንዳለች ወጥታ እናቴን በክንዷ ደገፈቻት። ወጣቱ ሠራተኛዎ የምትለምነው መስሎት ሊቆም ሲል ታላቁ ቀጥል በሚል ዓይን አየው። ቀጠለ፣ ግን ቀስ አለ። እናቴ እንድትደርስበት እያንዳንዱን ደረጃ እየጠበቀ ወረደ። መኪናቸው ዘንድ እስክንደርስ ድረስ እንዳሻው ሳህሉ በወጉ ተለቀሰለት፤ በመንግሥት ሠራተኛ ተሸካሚነት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በስልኩ ግንብ ሥር። እንዲህ ያለ ልቅሶ ደብረ ማርቆስም አላየሁም።

እናቴ ወደ ቤት ተመልሳ ጫማዋን አወለቀች። የአጃ ሾርባ ጠጣች፣ ተኛች፣ ስትነቃ «ቤቱ ሰፋ» አለች። እውነትም ሰፍቷል። ኮሪደሩ ላይ ማንም የለም። ለእሷ ደስ ብሎኛል፤ እኔ ግን አንዳንዴ ካፖርት የምፈልግ መስዬ እዚያ እቆማለሁ። በሩ አጠገብ የነበርኩት እኔ ነበርኩና ከእሷ ይልቅ ለእኔ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ወንድሜ ናፈቀኝ፣ ክቡር ሆይ። ይህን የሚያስመዘግብልኝ ክፍል የትኛው ፎቅ ላይ እንደሆነ አላውቅም።

እንግዲህ ውድ ጊዜዎን ይህን ያህል ከወሰድኩ፣ ለሥራዎ ቅልጥፍናን፣ ለኮምፒውተርዎ ማስተዋልን፣ ለጸሐፊዎችዎ ሁሉ በሰዓቱ የሚያልቅ ምሳ እየተመኘሁ፣ ሰዎችዎ ላደረጉልን የማይከፈል ውለታ ከቤተሰቤ ጋር ሆኜ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

በመዝገብዎ መሠረት የአንድ ረጅም ጠመንጃ ባለቤት፣
የሺወርቅ ሳህሉ

ማስታወሻ፦ ይህንን ጽፌ ሳልጨርስ ደብዳቤዎ ደረሰኝ፤ ረጅሙን ጠመንጃ እስከ ሰኔ መጨረሻ ካላቀረብኩ እንደገና ሁለት ሰው እንደሚልኩ ገልጸዋል። ደስ ይለናል፣ ይምጡ። እናቴ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፅዋ ተዘግቷል፣ የእኔም ገና አልወጣም፤ ስለዚህ ከሚልኳቸው አንዱ ማልቀስ የሚችል ቢሆን ትልቅ ውለታ ነው።